ሲኩዌንስን «ቅደም ተከተል» እንበለው?

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ሁለት ልጆች ሥራ ስለማስተምር ፕሪሚየር የተባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ትእዛዞች በአማርኛ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁላቸው። «ሲኩዌንስ ሴቲንግ» የሚለውን «የቅደም ተከተል ቅንብር»፣ «ፕሪቪው» የሚለውን ደግሞ «ቅድመ ዕይታ» ብዬዋለሁ። አንደኛውን ልጅ «የቅደም ተከተል ቅንብሩን አስተካክል» ብለው ክሊፖቹን፣ ማለትም የተቀረጹትን የቪዲዮ ቁራጮች፣ ቦታ ማቀያየር ጀመረ። ጥፋቱ የማን ነው? ደግሞስ «ዕይታ» ነው «እይታ»?

መልስ፦ የልጁ አይደለም። እርሱ የታዘዘውን ፈጽሟል።

«ቅደም ተከተል» ሁለት ትእዛዞች ተጋጥመው የወለዱት ስም ነው፤ አንዱን «ቅደም» ሌላውን «ተከተል» ማለት ነው። «ውጣ ውረድ»ም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በውስጡ የቀዳሚና የተከታይ ነገር እንጂ የስፋትና የፍጥነት ነገር የለም። ጥሎሽ፣ ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል ቢሉኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው። መልሱን ከሠርጉ በፊት ቢያመጡት ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል፤ የሙሽሪት እናትም ይቆጣሉ። የሲኩዌንሱ ሴቲንግ ግን ንቅንቅ አይልም። እዚያ ያለው የምስሉ ወርድና ቁመት፣ ለምሳሌ 1920 በ1080፣ በሰከንድ የሚያልፈው የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት፣ 25 ወይም 30፣ እንዲሁም የድምፁ ናሙና፣ በሰከንድ 48,000 ነው።

ታዲያ ሲኩዌንስ ምንድን ነው? በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች ችግኙን ከመትከላቸው በፊት መደብ ያወጣሉ። መደቡ የራሱ ወርድና ርዝመት አለው፤ ችግኙ ኋላ ይመጣል፣ ቦታም ይለዋወጣል። ሲኩዌንስ ለክሊፕ እንዲህ ያለ መደብ ነው። ለልጆቹ ሲያስረዱ በዚህ ይጠቀሙ። ስሙን ግን «መደብ» ብለው ግድግዳ ላይ አይለጥፉ፤ የሥራ መደብና የኅብረተሰብ መደብ ቃሉን ቀድመው ይዘውታል። እኔ «ሲኩዌንስ»ን እንዳለ እተወዋለሁ። «ካሜራ»ን ተቀብለን ምን ሆንን?

የባሰው «ቅንብር» ነው። በስልክ ላይ «ቅንብሮች» ሲባል ለምደነዋል፤ በእናንተ ቤት ግን ቅንብር ማለት ራሱ ሥራው ነው። ደብዳቤዎን የጀመሩት «አቀናብራለሁ» ብለው አይደለምን? ስለዚህ ልጁ «የቅደም ተከተል ቅንብር» ሲሰማ ቢቆርጥና ቢቀጥል አይፈረድበትም። «የሲኩዌንስ ልክ» ይበሉት። ልብስ ሰፊም ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ልክ ይወስዳል።

«ቅድመ እይታ»ን ለመመርመር በሰፈሬ በየካ አባዶ ወዳለ አንድ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ባለሙያው ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ ምስሉን አዘግይቶ ቀለም ደራርቦበታል። ከክሊፑ በላይ ቀይ መስመር ታየ፤ ሲያጫውተው ቬሎው እየተንቀጠቀጠ ሄደ። ኢንተር ተጫነና ጠበቅን፤ መስመሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ቬሎውም እንደ ውኃ ፈሰሰ። ማሽኑ ያን ቁራጭ አስቀድሞ ሠርቶ በፋይል አስቀምጦታል። ቀጥሎ የሲኩዌንሱን ልክ ሊለውጥ ሲል፣ የተዘጋጁት ፕሪቪዎች ሁሉ እንደሚጠፉ የሚያስጠነቅቅ ሳጥን ብቅ አለ። የሚጠፋው ይህ የተዘጋጀው ነው፤ የተቀረጸው ሠርግ አይነካም። ልጆቹ እንዳይደነግጡ ይንገሯቸው።

«ቅድመ» ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። «ቅድመ ታሪክ» ከታሪክ በፊት ያለው ዘመን ነው፤ «ቅድመ ክፍያ» ግን ራሱ ክፍያ ነው፣ ቀድሞ የተከፈለ። «ቅድመ እይታ»ን ሰው ሁሉ የሚረዳው እንደ ሁለተኛው ነው፤ ፊልሙ ሳያልቅ ቀድሞ ማየት። ለፕሪቪው መስኮት ይህ ይበቃል። ፋይሉ ግን ወደ መጀመሪያው ይጠጋል፤ ከማየት በፊት የተሠራ ነገር ነውና። ሁለቱን ለመለየት ፋይሉን «የቅድመ እይታ ፋይል»፣ የእርሱን ሴቲንግ ደግሞ «የቅድመ እይታ ፋይል ዓይነት» ብለው ቢጽፉ ልጆቹ አይምታታባቸውም። ይህን መለወጥ በፕሪቪው ፋይሎች ላይ እንጂ በክሊፖቹ ላይ ለውጥ አያመጣም።

ስለ ፊደሉ፦ «ዕይታ» ያሰኘዎት «ዓይን» ሳይሆን አይቀርም። «አየ» ግን የመጣው ከግእዙ «ርእየ» ነው፣ በአልፋው አ። «ራእይ»ም ከዚያው ነው። ስለዚህ «እይታ» ብለው ያርሙት።