ናኖ፣ ቪም ወይስ ኢማክስ?

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ ፕሮግራም) ወደ ኪራይ ሰርቨር እየገባሁ የኮንፊገሬሽን ፋይሎችን አስተካክላለሁ፤ እግረ መንገዴንም በአማርኛ ማስታወሻ እጽፋለሁ። ቪም ግን የአማርኛ ኪቦርዴ በርቶ ሳለ ትእዛዝ አይቀበለኝም፤ መውጣት አቅቶኝ መስኮቱን ዘጋሁት። የትኛውን ኤዲተር (የጽሑፍ መጻፊያና ማስተካከያ ፕሮግራም) ልያዝ?

መልስ፦ ቪም አልተበላሸም። በአንዱ ሁኔታው የሚነኩት ፊደል ጽሑፍ ይሆናል፣ በሌላው ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዞቹም የላቲን ፊደላት ናቸው። የዲ ቁልፍን ሁለቴ ሲመቱ አንድ መስመር መጥፋት ነበረበት፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሲሆን ግን ቪም ዘንድ የሚደርሰው «ድድ» ነው። ለመውጣት ሲሞክሩም እንዲሁ፦ «፡» እና የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ለዓይን ቢመሳሰሉም ለቪም የተለያዩ ናቸው። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፤ ኤስኬፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ ኢንተር። ያልተቀመጠው ጽሑፍ ግን ይጠፋል፤ ለማስቀመጥ ከኪው በፊት ደብሊውን ይጨምሩና ቃለ አጋኖውን ይተዉት።

ለሰርቨሩ ሥራ ናኖን ይያዙ። ኤፍ3 እና ኢንተር ያስቀምጣል፣ ኤፍ2 ያስወጣል፣ ኤፍ6 ይፈልጋል፤ የኤፍ ቁልፎች ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ ላይ ቢሆን ግድ የላቸውም። ሳያስቀምጡ ኤፍ2ን ከነኩ ግን ናኖ የላቲን ዋይ ወይም ኤን ይጠይቅዎታል፤ ስለዚህ ኤፍ3 ይቅደም። አማርኛው የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ከመጣ የቋንቋና የፊደል ቅንብሩን የሚያሳየውን «ሎኬል» (locale) የሚለውን ትእዛዝ ሰርቨሩ ላይ ጽፈው ይመልከቱ፤ ውጤቱ ዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመወከያ ሥርዓት) ማለት አለበት። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ባይቱን አንድ በአንድ የሚያነብ ሎኬል ፊደሉን ይሰባብረዋል።

የቪምን መግቢያና መውጫ ግን አይርሱት፤ ናኖ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ቪም ወይም አባቱ ቪአይ አይጠፋም። ኔትዎርክ ተቋርጦ ተመልሰው ፋይሉን ሲከፍቱ ቪም ስለ ስዋፕ ፋይል (ያልተቀመጠውን ጽሑፍ ለጊዜው ስለያዘበት ፋይል) ካስጠነቀቀዎ አይደንግጡ፦ አርን ተጭነው ጽሑፉን ይመልሱ፣ አይተው ያስቀምጡ፣ ይውጡ፤ እንደገና ሲከፍቱ ዲን ተጭነው ስዋፑን ያጥፉ። ማስጠንቀቂያውን ችላ ብሎ ማለፍ ያልተቀመጠውን ሥራ ያስበላል።

ረዘም ላለው የአማርኛ ጽሑፍ ኢማክስ መልፋት የሚገባው ነው። የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው፦ አልት እና ኤክስ ተጭነው «ሴት-ኢንፑት-ሜተድ» (set-input-method)፣ ቀጥሎ «ኢትዮፒክ» (ethiopic) ብለው በላቲን ይጻፉ። የኮምፒውተሩ ኪቦርድ እንግሊዝኛ ላይ እንዳለ ኤስ እና ኢ ሲነኩ «ሰ» ይወጣል፤ የኮንትሮል ትእዛዞቹም አይነኩም። ኮንትሮል እና ወደ ኋላ ያዘመመው ሰረዝ ያበሩታል፣ ያጠፉታል።

ኢማክስን ግን ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያው) ውስጥ ሳይሆን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ በመስኮት ይክፈቱት። ተርሚናል ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል አንድ ጠባብ ሳጥን ብቻ ስለሚመድብ እንደ «ጨ» እና «ጠ» ያሉት ሰፋፊዎቹ ይደራረባሉ፣ ጠርዛቸውም ይቆረጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭነው ይጻፉ፤ ያለቀውን ፋይል በኤስሲፒ (በኤስኤስኤች በኩል ፋይል መላኪያ ትእዛዝ) ወደ ሰርቨሩ ይላኩ።