ለሳቢያኗ እህቴ፦ ከትልልቆቹ ነጋዴ ሴቶች ምን ልጠይቅ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤትሽ ውስጥ ባልትና ጀምረሻል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ትንሽ ትንሽ ቅመም። ደንበኛ አላጣሽም፣ የጠፋው መነሻ ገንዘብ ነው። «ድሬ ውስጥ በንግድ የደረጁ ሴቶች አሉ። ሄጄ ምን ልበላቸው? ብር ልለምን? ደግሞስ ነገ የምትወዳደራቸውን ሴት ለምን ያግዛሉ?» ብለሻል። እኔም በዚሁ ሥራ ውስጥ ስለቆየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ብር አትጠይቂ። ዋስ እንዲሆኑሽ ጠይቂ።

ስጀምር የቀፊራ ገበያ ጅምላ ሻጮች ለእኔ የሚሸጡት በእጅ በእጅ ብቻ ነበር። በኪሎ እገዛለሁ፣ ቀንጥሼ አስፈጫለሁ፣ እሸጣለሁ፣ ተመልሼ በኪሎ እገዛለሁ። ትርፉ ለወፍጮና ለባጃጅ ያልቃል። ሰፈራችን ውስጥ እህልና ቅመም በጅምላ የምታወርድ አንዲት ትልቅ ነጋዴ አለች። ሁላችንም አዴ ነው የምንላት። አንድ ቀን በፌስታል በርበሬ ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። «በየቀኑ ነው እንዴ የምትገዢው?» አለችኝ። ቀጥላ «የምትሸጪውን ትጽፊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እጽፍ ነበር። ደብተሬን አመጣሁላት። ሱቋ በር ላይ ቁጭ ብላ ገጽ በገጽ አየችው። ለማን በዱቤ እንደሰጠሁ፣ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረበት፣ ወፍጮ ቤት ስንት እንደወጣ። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ቀፊራ ይዛኝ ወረደች።

ጅምላ ሻጩ ጋ ስንደርስ ሰላምታው አላልቅ አለ። የልጆቹ ጤና፣ የሙቀቱ ነገር፣ የጅቡቲ መንገድ። እኔ ጆንያዎቹ መሀል ቆሜያለሁ። በመጨረሻ «ይቺ ልጄ ናት» አለችው። «ግማሽ ኩንታል ስጣት። በአሥራ አምስት ቀን ትከፍልሃለች። ካልከፈለች እኔ ጋ ና።» ሰውየው ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። ደብተሩን ገለጠና የአዴን ስም ጻፈ፣ ከጎኑ «ልጅ» ብሎ ጨመረበት። ጆንያው ተመዘነ፣ ወጣን።

ያ ግማሽ ኩንታል ምን እንደሠራልኝ ላስረዳሽ። በጅምላ ዋጋ ስለገዛሁ ኪሎው ላይ የነበረው ልዩነት ለእኔ ቀረ። ወፍጮ ቤት በየቀኑ መመላለሱም ቀረልኝ። ዱቤውን ቀኑ ሳይደርስ ከፈልኩ። በሚቀጥለው ብቻዬን ስሄድ ሰውየው ራሱ «ስንት ልስጥሽ?» አለኝ። አዴ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቀን እንዳታሳልፊ። የሚያጥርሽ ከመሰለሽ ቀኑ ሳይደርስ ለእኔ ንገሪኝ።» ይሄን እኔም ለሌሎች እንደወረደ ነው የምናገረው።

አዴ በዚያ ቀን ከኪሷ አንድ ብር አላወጣችም። ግን ብር ከመስጠት የከበደ ነገር ነው ያደረገችልኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ያካበተችውን አመኔታ አስያዘችልኝ። እኔ ብከዳት ነገ እሷም ዕቃ ስትጠይቅ ፊት ይነሷታል። ስለዚህ አንዷ ቶሎ እሺ ባትልሽ ክፉ ናት ብለሽ አትቀየሚ። የምታስይዘውን ስለምታውቅ ነው የምታመነታው።

ዕቁብ ላይም ነገሩ ያው ነው። ዕጣ ቢወጣልሽም ዋስ ካላቀረብሽ ብሩን እንደማይሰጡሽ ታውቂያለሽ። አዲስ ገቢዎች የሚጉላሉት እዚያ ላይ ነው። የእኛ የነጋዴ ሴቶች ዕቁብ የሚጣለው ከሰዓት፣ ድሬ ሱቁን ዘግቶ ከሙቀቱ በሚያርፍበትና በርጫው፣ የጫቱ ጨዋታ፣ በሚደራበት ሰዓት ነው። በግሌ ያችን ሰዓት እወዳታለሁ። ወንዱ ሲቀመጥ ሴቱ ሂሳቡን ይሠራል። አንድ ጊዜ ዕጣው ለአዴ ወጣ። የበርበሬ ምርት ገብቶ ዋጋው የረከሰበት ሰሞን ነበር። «ለዚህች ልጅ ስጧት። የእሷ ተራ ሲደርስ እኔ እወስዳለሁ። ዋሷም እኔ ነኝ» አለች። ዳኛዋ ፀሐፊዋን አየቻት፣ ፀሐፊዋ ጻፈች። በዚያ ብር ለወራት የሚበቃኝን በርበሬ በርካሽ ገዛሁ። መኝታ ክፍሌን ነው መጋዘን ያደረግሁት። ዋጋው ሲሰቀል ሌሎች ሲሯሯጡ እኔ በነበረው ዋጋ ለደንበኞቼ ሰጠሁ። እነዚያ ደንበኞች እስከ ዛሬ አልለቀቁኝም።

ስለ ማስቀመጥ ካነሳሁ አይቀር፣ በርበሬሽን ወለል ላይ አታሳርፊው። እንጨት ረብርቢና ከፍ አድርጊው። በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ይሻግታል። የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፣ ፈጭቶ ከደህናው ጋር መቀላቀል ደግሞ ደህናውንም ማበላሸት ነው። ሰው ታመመብሽ የተባለ ቀን የሚነሳው ያንቺ ስም ብቻ አይደለም፣ ዋስ የሆነችሽም አብራ ትነሳለች።

የ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ ልጅ ሆነሽ ይሆናል፣ እናትሽን ጠይቂያት። ከ200 በላይ ሰው ነው በአንድ ሌሊት የወሰደብን። ወንዙ ዳር ይነግዱ የነበሩ ሴቶች ያላቸው ሁሉ መደባቸው ላይ ነበር፣ ይዞት ሄደ። እኔ ከማውቃቸው መሀል ቶሎ ቆመው መነገድ የቻሉት ዕቃ በስሟ የምታስወጣላቸው ሴት የነበረቻቸው ናቸው። ዕርዳታው መጥቷል፣ እግዜር ይስጥልን፣ ዱቄትና ብርድ ልብስ ነፍስ ያቆያል። መደብ የሚሞላው ግን ዱቤ ነው።

አሁን ወደ ባንኩ ልምጣ። ባንክ ሄደሽ ብድር ስትጠይቂ በአብዛኛው ቤት ወይም መኪና አስይዢ ትባያለሽ። አግብተሽ ከሆነ ይሄን እወቂ፦ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በጋብቻ ውስጥ ያፈራችሁት ቤት ካርታው በእሱ ስም ቢሆንም የጋራችሁ ነው። እሱ ያለ አንቺ ስምምነት ሊያስይዘው አይችልም፣ አንቺም ያለ እሱ አትችይም። ስንቷ ሴት ባሏ የማታውቀው ወረቀት አምጥቶ «ፈርሚ» ሲላት ሳታነብ ትፈርማለች። አንብቢ።

ማስያዣ ከሌለሽ ማይክሮ ፋይናንስ በቡድን ዋስትና ያበድራል። አንዷ ካልከፈለች ሌሎቹ ይከፍላሉ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቡድንሽን በጓደኝነት አትምረጪ፣ በአከፋፈል ምረጪ። ለብቻሽ መበደር ከፈለግሽ፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት በተነሳ ጊዜ ድሬዳዋ ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች አንዷ ነበረች። ብድሩ ከቡድን የወጣ ነበር፣ ሥልጠናም ነበረው። ዛሬ ምን ክፍት እንዳለ ማይክሮ ፋይናንስ ቢሮ ሄደሽ በአካል ጠይቂ። እናት ባንክንም ጠይቂ። ባንኩን ያቋቋሙት 11 ሴቶች ናቸው፣ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት የሆኑት መዓዛ አሸናፊ አንዷ ናቸው። በ2005 ሥራ ሲጀምር ካሰቡት አንዱ፣ አቅም ያላቸው ሴቶች ገንዘብ አስቀምጠው ማስያዣ ለሌላት ሴት ማስያዣ እንዲሆንላት ነው። ስሰማው አዴ ነች ትዝ ያለችኝ። ሱቅ በር ላይ የሚደረገውን ባንክ ውስጥ አስገቡት።

«የምትወዳደራቸውን ለምን ያግዛሉ?» ላልሽው፣ እኔ በተግባር ያየሁትን ልንገርሽ። ድሬ የባልትና ገበያ አያንሳትም። ረመዳን ሲገባ ለሾርባውና ለሳምቡሳው ቅመም ይፈለጋል፣ ጾሙ ሲገባ ሽሮ ይፈለጋል፣ ለፋሲካ በርበሬ አይበቃም። ክረምት ላይ ከውጭ የመጣው ዘመድ ደግሞ ሻንጣውን በሽሮና በበርበሬ ሞልቶ ነው የሚመለሰው። አንድ ሆቴል ወይም ሠርግ ብዙ ሲያዝ አንዲት ሴት ብቻዋን አታደርስም። «አልችልም» ካለች ደንበኛው ይሄዳል። ስለዚህ ታከፋፍላለች። አዴም የምታከፋፍለው ለምታምናቸው ነው። እኔም ዛሬ ገንደ ቆሬ ሰፈር ላለች አንዲት ልጅ አዋዜና ድልህ ሙሉ በሙሉ ትቼላታለሁ። እኔ ጋ አዋዜ የሚፈልግ ሲመጣ ወደ እሷ እልካለሁ፣ እሷም ሽሮ የሚፈልገውን ወደ እኔ ትልካለች። በዚህ የተጎዳሁት ነገር የለም።

ሐረርም ይሄው ነው። ጀጎል ውስጥ ሴቶች አፎቻ አላቸው፣ በሠርግም በኀዘንም አብረው የሚቆሙበት። የማውቃት አንዲት የስፌት ነጋዴ ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣላት የምታከፋፍለው በአፎቻዋ ላሉት ሴቶች ነው። የማን እጅ ጠባብ፣ የማን ስፌት ላላ እንደሚል ከሱቋ ሳትወጣ ታውቃለች። ለማታውቃት ሰፊ ግን አትሰጥም፣ ትክክልም ናት።

አንድ ነገር ያናድደኛል፣ ልናገረው። ሴት ነጋዴዎችን እናበቃለን የሚሉ ስብሰባዎች ላይ ተጠርቻለሁ። አዳራሽ፣ ውሃ፣ ባነር፣ ፎቶ። አንድ ቦታ ላይ ስለ ራዕይ ሲነገረን ዋልን፣ አጠገቤ የነበረችው እንጀራ ጋጋሪ ምጣዷን ዘግታ ነበር የመጣችው። የዕለት ገቢዋ ቀረባት። አዳራሹ ውስጥ ጤፍ በጅምላ የሚያስመጡ ሴቶች ተቀምጠው ነበር። ማንም አላስተዋወቃቸውም። እኔ ነኝ ሻይ ላይ እጇን ይዤ ወደ አንዷ የወሰድኳት። ሥልጠና አይጠቅምም አላልኩም፣ ሂሳብ አያያዝ የተማርኩት ከሥልጠና ነው። ግን አዘጋጆቹ አንዲቷን ከአንዲቷ ጋር አገናኝተው ቢሸኙን ምን ነበረበት?

እንግዲህ ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። መድረክ ላይ ብዙ የምትናገረዋን አትምረጪ። የአንቺን ዓይነት ዕቃ የምታወርድ ወይም ለምትፈልጊው ደንበኛ የምትሸጥ ሴት ፈልጊ። ከእሷ ዕቃ የወሰዱ ትንንሽ ነጋዴዎችን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ «ማን ነው ያስጀመረሽ?» በያቸው። የአንዲት ሴት ስም ከብዙ አፍ ከወጣ እሷ ጋ ሂጂ። በጠዋት ገበያው ሲሟሟቅ አትሂጂባት፣ ረገብ ሲል ሂጂ። ኦሮሞ ናት፣ ሶማሌ ናት፣ ሐረሪ ናት፣ ጉራጌ ናት ብለሽ አትሽኮርመሚ፣ ድሬ ነሽ። የምትጠይቂው ጠባብና ቀን ያለው ይሁን፦ ይሄን ያህል ኪሎ፣ እስከዚህ ቀን፣ ከእገሌ ሱቅ። «አግዥኝ» ብቻ ካልሽ እሷም ምን እንደምትሰጥሽ አታውቅም። ካመነችሽ ደግሞ ከከፈልሽ በኋላ አትጥፊባት። እየሄድሽ ጠይቂያት፣ ኀዘኗ ላይ ተገኚ፣ ልጇን ስትድር ወጥ ቤት ግቢ።

እኔም ልረዳሽ ዝግጁ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሙቀቱ ሳይከር ቀፊራ እወርዳለሁ። ከሽሮሽ ሩብ ኪሎ ያህል ከደብተርሽ ጋር ይዘሽልኝ ነይ፣ ቤቴ ወስጄ ሠርቼ እቀምሰዋለሁ። ከወደድኩት ለአንድ ሆቴል ከማቀርበው ላይ የተወሰነውን አንቺ ትሞክሪያለሽ፣ ካልወደድኩት ምኑ እንደጎደለ እነግርሻለሁ። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ካላወጣሽ ግን ከወዲሁ ጀምሪ፣ ሆቴሎቹ ያለ ደረሰኝ አይገዙም። በውስጥ ጻፊልኝ፣ የት እንደምንገናኝ እንነጋገራለን።