ስሙ የማን ነው?

ልጆቼ፣

ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ማር፣ የጠጅ ቅመም። ዕቃው ጥሩ ነው፣ እሽጉ ያምራል፣ ቲክቶክ ላይ የተለቀቀው ቪዲዮ በደንብ ታይቷል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማስታወቂያና በእሽግ ንድፍ ሥራ ነውና እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የሚመጣ ወጣት ሳይ ልቤ ይሞቃል። ግን ቀለሙን ከማየቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ስሙ የማን ነው?

ብዙዎቻችሁ ግር ይላችኋል። የእኔ ነዋ፣ እኔ አይደለሁ ያወጣሁት ትሉኛላችሁ። ማውጣትና ባለቤት መሆን ግን ለየቅል ናቸው።

ማክዶናልድስን እንውሰድ። ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1940 ሳን በርናርዲኖ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ምግብ ቤት ከፈቱ። ቤቱ ጥሩ ይሸጥ ነበር። እነሱ ግን በ1948 ዘግተውት አሠራሩን ከሥሩ ለወጡት። አስተናጋጅ ቀረ፣ ሳህንና ሹካ ቀረ፣ ሜኑው አጠረ። ሀምበርገር በ15 ሳንቲም እየተጠቀለለ በፍጥነት ይወጣ ጀመር። ዛሬ ዓለም ፋስት ፉድ የሚለው አሠራር ትልቁ ክፍል የእነዚህ የሁለት ሰዎች ጭንቅላት ውጤት ነው። በ1954 የሚልክሼክ መምቻ ማሽን የሚሸጥ ሬይ ክሮክ የሚባል ሰው መጣ፣ አየ፣ ተደነቀ፣ ቅርንጫፍ ለመክፈት ተዋዋለ። በ1961 ጠቅላላውን በ2.7 ሚሊዮን ዶላር ገዛቸው።

በጊዜው ብዙ ገንዘብ ነው፣ አልተዘረፉም። ወንድማማቾቹ የመጀመሪያዋን ምግብ ቤት ለራሳቸው አስቀሩ። ስሙ ግን ተሸጧል። ስለዚህ ከገዛ ቤታቸው በር ላይ የገዛ አባታቸውን ስም አወረዱ። ቤቱን ቢግ ኤም አሉት። ክሮክ እዚያው አጠገባቸው ማክዶናልድስ ከፈተ፤ ቢግ ኤምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። አብሳዮቹ እነዚያው፣ ቦታው ያው። ሰው ግን የሄደው ወደሚያውቀው ስም ነው። ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል።

ዋልት ዲዝኒም ቀምሶታል። ከሚኪ ማውስ በፊት ኦስዋልድ የሚባል የካርቱን ፊልም ጥንቸል ነበረው፤ በ1927 ሲወጣ ተወዳጅ ሆነ። በ1928 ዲዝኒ ለሥራው ተጨማሪ ክፍያ ለመጠየቅ ኒውዮርክ ሄደ። እዚያ ሲደርስ የፊልሞቹ አከፋፋይ ጭራሽ ክፍያውን እንደሚቀንስና አብዛኞቹን ሠዓሊዎቹን እንዳስፈረመበት ነገረው። በውሉ መሠረት የጥንቸሉ ባለቤት ዲዝኒ ሳይሆን ዩኒቨርሳል የሚባለው የፊልም ኩባንያ ነበር። ሚኪ የተፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን ባለቤትነቱን ዲዝኒ ለማንም አልለቀቀም። ኦስዋልድ ወደ ዲዝኒ ኩባንያ የተመለሰው በ2006 ነው። ለዚያውም የመጣው አንድ ታዋቂ የስፖርት ጋዜጠኛ ወደ ሌላ ጣቢያ እንዲሄድ በተደረገ ልውውጥ ነው።

ስለ ኮካ ኮላ ብዙ ተብሏልና አላስረዝመውም። በ1886 አትላንታ ላይ መጠጡን የቀመመው ጆን ፔምበርተን የሚባል ፋርማሲስት ነው። ስሙን ያወጣውና በዚያ በጥምዝ ጽሕፈት የጻፈው ግን የሒሳብ ሠራተኛው ፍራንክ ሮቢንሰን ነው። ፔምበርተን ድርሻውን እየቆራረሰ ሸጦ በ1888 ሞተ። ኤሳ ካንድለር የሚባል ነጋዴ ሰብስቦ ገዛው፣ ነፃ ብርጭቆ የሚያስጠጣ ኩፖን በየቦታው በተነ፣ ስሙንም በየግድግዳው አስጻፈ። ሀብቱ የመጣው ለእሱ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሲዳሞ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ። እነዚህን ስሞች የውጭ ቡና ቆይዎች ለዓመታት በፓኬት ላይ እያተሙ ሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሦስቱንም አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሲዳሞ ላይ ስታርባክስ የሚባለው የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ ቀድሞ ተገኘ፤ ስሙ ያለበት ማመልከቻ በ2004 አስገብቶ ነበር፣ በኋላ ቢተወውም። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ደግሞ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል፣ የአንድ ወገን ሊሆኑ አይገባም ብሎ ተቃወመ። በ2006 ኦክስፋም የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ጉዳዩን አደባባይ አወጣው፣ ጋዜጦች ተቀባበሉት። ሰኔ 2007 ላይ ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራረመ።

የስምምነቱ አካሄድ ብልህ ነበር። ኢትዮጵያ ስሙን ለተጠቀመበት ሁሉ ክፍያ ልጠይቅ አላለችም። ያለ ክፍያ ፈቃድ ሰጠች፣ በምትኩ ባለቤትነቷን እንዲያውቁላትና ስሙን እንዲያስተዋውቁ አደረገች። አብዛኛው ቡናችን የሚመጣው ከአነስተኛ ማሳ፣ በሰው ጀርባና በአህያ ተጭኖ ነው። እያንዳንዱን ጆንያ ተከታትሎ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ስሙን መያዝ ግን ይቻላል። ይርጋጨፌ ጎረቤቴ ያለች ካፌም ሆነ ቶኪዮ ያለ ሱቅ ውስጥ ሲጠራ ገበሬው የመደራደሪያ አቅም እንዲኖረው ታስቦ ነው። ዋጋው እንደሚገባው ገበሬው ጋር ደርሷል ብዬ አላምንም። ስሙ ባይያዝ ግን የሚከራከሩበት ነገር እንኳ ባልኖረ።

በቅርቡ አንዲት ልጅ የበርበሬ እሽጓን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ስሙ ተመዝግቧል» ብላ ንግድ ፈቃዷን አሳየችኝ። የተመዘገበው የንግድ ስሟ ነው፣ ንግድ ቢሮ የሚመዘግበው። እሽጉ ላይ የሚታተመው የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው፤ እሱን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በእኛ ሕግ የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ቀድሜ ተጠቅሜበታለሁ የሚለው ክርክር ብዙ ያደክማል። ምዝገባው ለ7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። ልጅቷ ካርቶን ሙሉ እሽግ አሳትማለች፣ መዝገቡን ግን ከቶ አላየችም። እናንተ መጀመሪያ መዝገቡን እዩ፣ ከዚያ ማተሚያ ቤት ሂዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

ስም ስትመርጡም «ምርጥ በርበሬ»፣ «ንጹህ ማር» ዓይነቱን ተዉት። ዕቃውን ብቻ የሚገልጽ ቃል ማንም ሊጠቀምበት ስለሚችል አይመዘገብላችሁም፣ ቢመዘገብም አይከላከልላችሁም።

ከጓደኛ ጋር የምትጀምሩ፣ በተለይ የዩቲዩብ ቻናልና የቴሌግራም ገጽ ያላችሁ፣ ገጹ የተከፈተው በማን ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ነው? ብትለያዩ ስሙ ከማን ጋር ይቀራል? ፍቅር ሳለ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፉትና ፈርሙ። ንድፉን ከሠራላችሁ ልጅ ጋርም እንዲሁ፤ ሥራው ለእናንተ መተላለፉን በጽሑፍ ያዙ፣ ክፍያውንም አታጓትቱበት።

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላለው ወገን ዕቃ የምትልኩ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ምዝገባ በየአገሩ ነው። አዲስ አበባ ያገኛችሁት ወረቀት እዚያ አይሠራም። ካርጎ ከመጫኑ በፊት እዚያ ያለውን መዝገብ የሚያይላችሁ የሕግ ባለሙያ ፈልጉ። አስመጪው «እኔው በስሜ ላስመዝግብላችሁ» ካለ አመስግኑትና በራሳችሁ ስም እንዲሆን አድርጉ፤ ወጪው ቢከብዳችሁም ቆጥባችሁ ክፈሉ።