መልስ፦ ከዥዋዥዌው ሥር የጠነከረው አሸዋ

ሰላም፣ «በሰፈራችን መናፈሻ ከልጆች ዥዋዥዌ ሥር ያለው አሸዋ ጎድጉዶ ጠንክሯል፤ አዲስ ብንደፋበት ይበቃል?» ላሉት፦ አይበቃም።

ልጆቹ ዥዋዥዌውን የሚያቆሙት እግራቸውን እዚያው አንድ ቦታ ላይ እየጎተቱ ስለሆነ አሸዋው ወደ ጎን ይገፋል። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ይተኛል፣ ደቃቅ አፈር ይቀላቀልበታል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። አዲሱን ቢደፉበት ያ የጠነከረው ከሥር እንዳለ ይቀራል።

መጀመሪያ የጠነከረውን ቆፍራችሁ አውጡ። መሬቱ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ከ8 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አንጥፉና ውሃ አሳላፊ ጨርቅ አልብሱት። ጨርቁን ለቁጠባ ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ጠጠሩ ከመሙያው ጋር ይደባለቃል።

መሙያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 23 ሳንቲ ሜትር አሸዋ የሚያድነው ከ1.2 ሜትር ገደማ የሚወድቅን ልጅ ብቻ ነው። የዥዋዥዌ የመውደቂያ ከፍታ ደግሞ የሚለካው ከመቀመጫው ሳይሆን ሰንሰለቱ ከተንጠለጠለበት አግዳሚ ነው። ስለዚህ አግዳሚው 2 ሜትር ከሆነ አሸዋውን ትታችሁ የእንጨት ስብርባሪ አስገቡ። ሲረገጥ ሩብ ያህል ወደ ታች ስለሚጠቀጠቅ 30 ሳንቲ ሜትር ሙሉ፤ ከ23 በታች እንዳይወርድ።

ስፋቱስ? ከአግዳሚው ሥር ጀምሮ ወደ ፊት የከፍታውን እጥፍ፣ ወደ ኋላም እንዲሁ፤ ለ2 ሜትር አግዳሚ በየአቅጣጫው 4 ሜትር ማለት ነው። በጎን 1.8 ሜትር ይበቃል።

ምሰሶው ላይ የ30ውን ልክ በቀለም አስምሩበት። መስመሩ ከታየ መሙያው ጎድሏል፤ ያኔ የተገፋውን በሬክ (ጥርስ ባለው መሰብሰቢያ) መልሳችሁ የጎደለውን መጨመር ነው።