ጠፍጣፋ ጣሪያ ስትስዪ ተዳፋቱን በቀስት ብቻ አትለፊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ ሦስት ዓመት ራሴን ያየሁ መሰለኝ። «ሆም ዲዛይነር በሚባለው የቤት መሳያ ፕሮግራም ላይ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እየሳልኩ ነው፤ አናቱ ላይ መቀመጫ እፈልጋለሁ፤ ፕሮግራሙ ግን በየጊዜው ሾጣጣ ጣሪያ ይደፋበታል፤ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ አዳማ፣ በሶደሬ መንገድ በኩል ያለውን ቤቴን የነደፍኩት በዚሁ ፕሮግራም ነው። አርክቴክት አይቶ ፈርሞበታል እንጂ ንድፉ የእጄ ሥራ ነው፤ እኮራበታለሁም። ግን አንድ ነገር አምልጦኝ ብዙ ከፍያለሁ። አንቺ እንዳትከፍዪ በዝርዝር ልንገርሽ።

1. ሾጣጣው ጣሪያ። ጣሪያውን ለማጥፋት አትታገዪ። ከላይ ሌላ ፎቅ ጨምሪና መቀመጫውን ዙሪያውን በሬሊንግ፣ ማለትም በመከለያ አጥር፣ ዝጊው። መስመሩ ሳይገጥም ትንሽ ክፍተት ከቀረ ፕሮግራሙ ክፍል ብሎ አይቆጥረውም። ከገጠመ በኋላ ክፍሉን ከፍተሽ ከላዩ ጣሪያ ይኑር የምትለዋን ምልክት አንሺ። የክፍሉን ዓይነት ዴክ ካልሽው የእንጨት ጣውላ ያነጥፍልሻል። የኛ አገር ሶሌታ (የአርማታ ንጣፍ) ስለሆነ እኔ ባልኮኒ ብዬ ነው የሠራሁት። ይሄ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

2. ውፍረቱ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ፕሮግራሙ ውስጥ ጠፍጣፋ ጣሪያ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። እኔም 15 ሴንቲ ሶሌታ ሰጠሁት። የደረጃ ቤቱን በር ልክ ሶሌታው አናት ላይ አስቀመጥኩ። ሬሊንጉን 1.10 ሜትር አደረግኩት። ምስሉ ሲወጣ ልብ ይሰርቅ ነበር፤ ባለቤቴ ለእናቷ ሁሉ ላከችው። የሚሠራው ጣሪያ ግን ልሙጥ ሊሆን አይችልም። ውሃው እንዲሄድ ከ1 እስከ 2 በመቶ መዳፋት አለበት። ተዳፋቱን የሚሰጠው ሶሌታው ላይ የሚፈሰው ስክሪድ፣ ማለትም የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ፣ ነው። እኔ ሞዴል ውስጥ ስክሪድ የሚባል ነገር አልነበረም።

ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ይህን በወጉ ቢነግረኝ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሁለት ጊዜ መለሱኝ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሴክሽኑ ልክ አይደለም፣ አስተካክለህ ና» ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። ሴክሽን ማለት ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ስዕል ነው። ምኑ ነው ልክ ያልሆነው ስለው «አርክቴክትህን ጠይቅ» አለኝ። ከሥራ አስፈቅጄ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ያገኘሁት መልስ ይሄ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልጅ አዘነችልኝና «ጋሼ፣ ስሎፕ የለውም እኮ» አለችኝ፤ ተዳፋቱን ማለቷ ነው። ማታውኑ ፕላኑ ላይ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ቀስት ሳልኩ፤ ከጎኑ 1.5 በመቶ ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ማኅተም ተመታበት።

እህቴ፣ ስህተቴ ይህ ነው። ቀስቱ ጽሑፍ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ሞዴል ልሙጥ እንደሆነ ቀረ። የቢሮው ሰው የፈለገው ቀስት ነበር፤ ቀስቱን አየ፣ መታ። ስትራክቸሩን የሠራው መሐንዲስም ጭነቱን ያሰላው ከዚያው ከኔ ስዕል ላይ ነው።

ስክሪዱ የሚፈስበት ቀን ፎርማኑ «ውሃው በየት ይውረድ?» አለኝ። በመንገዱ በኩል ባለችው ቱቦ አልኩት። የነበረኝ እሷ ብቻ ነች። ቤቱ 9 በ11 ሜትር ነው። በ11 ሜትር ላይ 1.5 በመቶ 16.5 ሴንቲ ይሆናል። ቱቦው አፍ ላይ ራሱ ቢያንስ 3 ሴንቲ ስክሪድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በኋላ በኩል፣ የደረጃ ቤቱ በር ያለበት ጫፍ ላይ 19.5 ሴንቲ ደረሰ። ሴራሚክ ከነማጣበቂያው 3 ሴንቲ ሲጨመርበት 22.5!

የብረት በሩ ወደ ውጭ ነበር የሚከፈተው፤ ስክሪዱ ያዘው። ውጭው ከውስጡ ስለበለጠ የሐምሌ ዝናብ ከነፋሱ ጋር እየመታ ገብቶ በደረጃው ቁልቁል ወረደ። 1.10 ያልኩት ሬሊንግ ሴራሚኩ ሲነጠፍ 87 ሴንቲ ሊቀር ነው። ትንሽ ልጅ አለኝ፤ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ከሁሉም የባሰው ክብደቱ ነበር። በአማካይ 11 ሴንቲ ውፍረት በ99 ካሬ ላይ ወደ 11 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንዱ ሜትር ኩብ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ከ22 ቶን በላይ ጭነት ማንም ሳያሰላው አናቴ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ አለ፤ ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው። መሐንዲሱ እንደገና አሰላና «ይፍረስ» አለ። ፈረሰ። በባልዲ በባልዲ ወረደ። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ያለው መሬት ሲንቀጠቀጥ አዳማም ድረስ ሲሰማን፣ ያ ጭነት ቀድሞ በመነሳቱ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

በኋላ በኩል ሁለተኛ ቱቦ አወረድን። ከፍታው ቤቱ መሃል ላይ ሆነና ውሃው ወደ ሁለቱም ጫፍ ተከፈለ። መንገዱ ወደ 5.5 ሜትር ስላጠረ ተዳፋቱ 8 ሴንቲ ብቻ ሆነ፤ ከነ3 ሴንቲው 11። ስክሪዱም ከ11 ወደ 7 ሜትር ኩብ ወረደ። በሩ ሥር 20 ሴንቲ ደፍ በአርማታ ሞላን፤ ውስጥ አንድ የደረጃ እርከን ጨመርን፤ ሬሊንጉ ላይ ብረት ቀጠልን። በጠቅላላው 180 ሺህ ብር ወጣብኝ። ስዕሉ ላይ ቢሆን አንድ ማታ ነበር የሚፈጀው።

3. ታዲያ እንዴት ይሳል? በዚህ ፕሮግራም የክፍል ወለል አይዘምም። ያንቺ እትም የጣሪያ ገጽ በእጅ መሳል የሚፈቅድ ከሆነ ከሶሌታው በላይ ስክሪዱን እንደ ጣሪያ ገጽ ሳዪው። ተዳፋቱን ከ12 የሚጠይቅሽ ከሆነ (በ12 አግድም ስንት ከፍ ይላል ማለት ነው) 1.5 በመቶ ማለት 0.18 ነው፤ በዲግሪ ከሆነ ወደ 0.86። የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ የወለሉን ውፍረት በከፍተኛው ስክሪድ ልክ አድርጊና በሩን፣ ደረጃውንና ሬሊንጉን ከዚያ ላይ ለኪ። የኔን የመጨረሻ ስዕል የእህቴ ልጅ ሬቪት በሚባል ሌላ የሕንፃ መሳያ ፕሮግራም ነው የሠራልኝ። እዚያ ላይ ስክሪዱን ለብቻው ንብርብር አድርገሽ ቫሪያብል የምትለዋን ምልክት ካላደረግሽ፣ ነጥቦቹን ዝቅ ከፍ ስታደርጊ ሶሌታው ራሱ አብሮ ይዘማል። እሱም መጀመሪያ ያጠፋው ይህንኑ ነው።

4. ጥላና ነፋስ። የፕሮግራሙን የፀሐይ ቦታ ወደ አዳማ ቀይሪው፤ ኬክሮሳችን 8.5 ዲግሪ ሰሜን ነው። ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ናት፤ በደቡብ በኩል ብቻ የተሠራ ጥላ አይበቃሽም። ነፋሱንም አትናቂው። 51 እና 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። የኔን ጃንጥላ ጎረቤት ግቢ ነው ያገኘነው። ጥላሽ ከኮለኑ ጋር የታሰረ ይሁን።

ወደዚያ ቢሮ ከመሄድሽ በፊት በበሩና በቱቦው መሃል የሚያልፍ ሴክሽን ቁረጪ። እሱ ላይ የስክሪዱ ከፍታ፣ የበሩ ደፍና የሬሊንጉ ቁመት በቁጥር ይታዩ። የቤቱን ርዝመትና በሩ በየት በኩል እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ስንት ቱቦ እንደሚያስፈልግሽ አብረን እናሰላዋለን።