ለአንድ ድምፅ ሁለት ኮምፕሬሰር

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአንዲት ክፍል ባዘጋጀኋት አነስተኛ ስቱዲዮ የአካባቢያችንን ድምፃውያን እቀዳለሁ። አንዲት ዘፋኝ አምባሰል ስትጫወት ዝቅ ያለው ስንኝ በክራሩ ይዋጣል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ጆሮ ይወጋል። በአንድ ኮምፕሬሰር (የሚጮኸውን ድምፅ ጨምቆ ከዝቅተኛው ጋር በሚያቀራርብ መሣሪያ) እስከ 10 ዲሲቤል ስቀንሰው ድምፅዋ ይታፈናል። ሁለት ኮምፕሬሰር ባከታትል ይብስብኝ ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ከተሰጣቸው አይብስብዎትም። አንድ ኮምፕሬሰር ብቻውን ያን ያህል እንዲቀንስ ሲገደድ ድንገተኛውን ጩኸትና የስንኙን ቀስ ያለ መዋዠቅ በአንድ አታክ (መጭመቅ ለመጀመር በሚወስድበት ጊዜ) እና ሪሊዝ (መጭመቁን ለመልቀቅ በሚወስድበት ጊዜ) ሊያስተናግድ ይሞክራል፤ ለአንዱ የሚስማማው ፍጥነት ግን ሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፈጣን ያድርጉትና በ4 ለ 1 ሬሾ (ከወሰኑ ያለፈው 4 ዲሲቤል ወደ 1 ዝቅ እንዲል)፣ ትሬሾልዱን (መጭመቅ የሚጀምርበትን የድምፅ ወሰን) ከፍ አድርገው፣ ጫፎቹን ብቻ 3 ዲሲቤል ያህል ይያዝ። ሁለተኛው በ2 ለ 1፣ አታኩ 20 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሆኖ፣ ሌላ 3 ዲሲቤል ቀስ ብሎ ይቀንስ። የዚህን ሪሊዝ አያፍጥኑት፤ በአምባሰል ረጅም እንጉርጉሮ ላይ ድምፁ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ይሰማልና። በርካታ ባለሙያዎች 1176 የተባለውን ፈጣን ኮምፕሬሰር አስቀድመው ኤልኤ-2ኤ የተባለውን ዘገምተኛ የሚያስከትሉትም ለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ድምፁ የሁለቱንም ትሬሾልድ ባለፈበት ቦታ ሬሾዎቹ እንደሚባዙ፣ 4 ለ 1 እና 2 ለ 1 ተከታትለው 8 ለ 1 እንደሚሆኑ ያስታውሱ። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የሚጮኹትን ስንኞች በእጄ አንድ በአንድ ዝቅ አደርጋቸዋለሁ፤ አሰልቺ ሥራ ቢሆንም ሁለተኛውን ኮምፕሬሰር አላስፈላጊ ሲያደርገው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በሚቀዱበት ጊዜ አይጭመቁ፤ የተጨመቀውን መልሶ መዘርጋት አይቻልም። ፕላግኢኑ (በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ኮምፕሬሰር) የሚሠራው ከኢንተርፌሱ (ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተሩ ከሚያገናኘው መሣሪያ) በኋላ ስለሆነ በግቤቱ ላይ የተሰነጠቀ ድምፅን አያድንም፤ በ24 ቢት ቀድተው ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ከዲጂታሉ ጣሪያ) በታች 10 ዲሲቤል አካባቢ እንዲቀር ቢያደርጉ በቂ ነው።

በሁለቱም ላይ የቀነሱትን 6 ዲሲቤል በሜክአፕ ጌይን (የተቀነሰውን የድምፅ መጠን መልሶ በሚጨምረው ማስተካከያ) ሲመልሱ፣ ዘፋኟ ዝም ባለችበት ቦታ ያለው የባጃጅ ድምፅና የክረምቱ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያሰማው ጩኸትም በ6 ዲሲቤል ከፍ ይላል። ስለዚህ ኮምፕሬሰሮቹን ከመክፈትዎ በፊት በስንኞች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቆርጠው ያጽዱ፤ የቀረጻውን ሰዓትም ዝናቡ ጋብ ወደሚልበት ቢያዛውሩት ይመረጣል።