ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፦ ስልክህ ከመዘገበው ጉዞ የቱን ታነባለህ?

ጥያቄ፦ «የኤንፒአር አይሱዙ ሹፌር ነኝ፤ መሪ ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከደሴ እህል ጭኜ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ሙሉ ክብደቴ 7.5 ቶን ገደማ ነው። ጉዞዬን በስልኬ ጂፒኤስ እመዘግባለሁ። በፊት 41 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን 37 ገብቻለሁ። ግን ታች ስደርስ ፍሬኑ ይሸታል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። መዝገቡ ላይ ዋናው ቁልቁለት ስገባ 52 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ በአራተኛ ማርሽ፤ ከዚያ እስከ 63 ይወጣል። የቱን ቁጥር ነው መከታተል ያለብኝ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩ ይቆየን፣ ፔዳሉ ይቅደም። የሚሰምጥ ፔዳል ይዘህ ነገ ጭነት አትጫን።

ታች ደርሰህ መኪናው ሜዳ ላይ ከቆመ በኋላ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርግ። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬኑም እንደጋለ፣ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ርገጥ። በሁለተኛው ርግጫ ከፍ ብሎ ከጠነከረ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው (ከውስጥ ተጭኖ ከሚይዘው ንጣፍ) ርቋል ማለት ነው፤ ሸራውን ማስጠጋትና ውፍረቱን ማየት ያስፈልጋል። እንደ ስፖንጅ ለስልሶ፣ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ቦታው ከተመለሰ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍላት ደረጃው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ከአየር እርጥበት ሲስብ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ስለዚህ ያረጀ ዘይት መልኩ ቢያምርም ቁልቁለት ላይ ይከዳል፤ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ መስመሩም አየሩ ይውጣ። ፔዳሉ ከፍታውን ሳይለቅ ጠንክሮ፣ መኪናው ግን አልቆምም ካለ ሸራው ራሱ ግሎ መያዝ አቅቶታል። እግርህን ሳታነሳ ተጭነህ ስትይዘው ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፈሳሽ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይም የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒ ያሳልፋል። ያንን መኪና ከቆመበት አታንቀሳቅሰው።

አሁን ወደ መዝገቡ። የ37 ደቂቃውን ቁጥር ተወው። በውድድር ሜዳ የሚነዳ ጀማሪም የመጀመሪያ ስህተቱ ይኸው ነው፤ የዙሩን ጠቅላላ ሰዓት ብቻ ያያል። ጠቅላላ ሰዓት የት እንዳጠፋህ አይናገርም። ያንተ መንገድ ደግሞ ሕዝብ፣ ከብትና ባጃጅ ያለበት መንገድ ስለሆነ፣ ያተረፍካቸው 4 ደቂቃዎች ከሸራህና ከዘይትህ የተወሰዱ ናቸው።

ምን ያህል እንደተወሰደ እንቁጠር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው፤ በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንገድ 650 ሜትር ያህል ትወርዳለህ። 7.5 ቶን ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ያንኑ መኪና ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት 46 ጊዜ ማቆም ከሚጠይቀው ጋር እኩል ነው። ከዚያ ውስጥ ሲሶ ያህሉን የጎማ ግጭትና ነፋስ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ፤ ሦስተኛ መሄጃ የለውም። ተዳፋቱ 6 በመቶ በሆነ ቦታ በ40 ፍጥነት ስትወርድ መያዝ ያለበት 40 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው፤ ከ10 በላይ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲግል ማለት ነው። በ60 ብትወርድ ወደ 57 ይወጣል፣ ታምቡሩ የሚቀዘቅዝበት ጊዜም ያጥራል።

ለዚህ ነው በመዝገብህ ውስጥ ትልቁ ቁጥር 63ቱ ያልሆነው። ትልቁ 52ቱ ነው፤ ቁልቁለቱን የገባህበት ፍጥነት። ታች ስትደርስ የሸተተው ፍሬን የተበላሸው ገና ከላይ፣ ማርሽ መቀነስ ሲገባህ ባልቀነስክበት ቦታ ነው።

ይህን በዓይንህ ለማየት የሁለት ጉዞ መዝገብ አንድ ላይ አስቀምጥ። አግድሙ መስመር ሰዓት ሳይሆን ርቀት ይሁን። በሰዓት ካደረግኸው መንገድ ላይ ለአንዲት ባጃጅ 20 ሰከንድ ብትቆም ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፍብሃል፤ በርቀት ካደረግኸው ግን ያው ኩርባ ከያው ኩርባ ሥር ይውላል። አብዛኞቹ የጉዞ መመዝገቢያ መተግበሪያዎች ፋይሉን ያወጡልሃል፤ ኮምፒውተር ላይ በሠንጠረዥ ፕሮግራም ርቀትና ፍጥነትን ብቻ ይዘህ ሣለው። ሁለቱ መስመሮች የት እንደተለያዩ ፈልግ። ከፍ ያለው መስመር ዝቅ ካለው የተለየው ፍሬን ከረገጥክበት ቦታ 200 ወይም 300 ሜትር ቀድሞ ሆኖ ታገኘዋለህ። መታረም ያለበት ያ ነጥብ ነው።

መንገዱን በአራት በአምስት ክፍል ቁረጠው፤ ለምሳሌ ከደሴ መውጫ እስከ ዶሮ መዝለያ፣ የዶሮ መዝለያው ገደል ራሱ፣ ከዚያ በታች ያለው ኩርባ፣ በመጨረሻም ወደ ኮምቦልቻ የሚገባው ሜዳ። ድንበሩን በድልድይ ወይም በማይነሳ ምልክት ያዝ፣ ከዚያ በኋላ አትለውጠው። በስልኩ የከፍታ ቁጥር ግን አትከፋፍል። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታን ሲለካ በብዙ ሜትር ይስታል፣ ገደል መካከል ደግሞ ይብስበታል። ፍጥነቱ ይሻላል፤ ቢሆንም ስልክ በሰከንድ አንድ ጊዜ ስለሚመዘግብ በ40 ፍጥነት ሁለት ነጥቦች መካከል 11 ሜትር አለ። የሁለት ሜትር ልዩነት አታንብብበት።

አንድ ጎደሎ አለ። ጂፒኤሱ ፍጥነትህ መቀነሱን እንጂ የቀነሰው ፍሬኑ ይሁን ሞተሩ አያውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ረዳትህ በሌላ ስልክ ድምፅ ይቅዳ፣ አንተ ስትረግጥ «ያዝኩ»፣ ስትለቅ «ለቀቅኩ» በል። ማታ ቤትህ ሆነህ ቁጠረው። በየክፍሉ የምትፈልጋቸው ሦስት ናቸው፦ ስትገባ የነበረህ ፍጥነት፣ ፔዳሉ ላይ የቆየህበት ሰከንድ በድምሩ፣ ከሁሉም ረጅሙ አንድ ርግጫ። ሦስተኛው ከ10 ሰከንድ ካለፈ ፍሬኑን ረግጠህ ሳይሆን ተኝተህበት ነው የወረድከው። እየነዳህ ስልክ እንዳታይ፤ መዝገቡ የሚነበበው መኪናው ቆሞ ነው።

ቀጣዩ ጉዞህ እንዲህ ይሁን። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ፣ ወደ 38 ዝቅ በልና ሦስተኛ አስገባ፤ የጭስ ማውጫ ፍሬኑንም (ጭሱን አፍኖ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርገውን) እዚያው አብራ። አምስት ማርሽ ባለው ኤንፒአር ሦስተኛ በ38 ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ 2,300 የሞተር ዙር አካባቢ ያመጣል፤ አራተኛ በዚያው ፍጥነት 1,400 ገደማ ብቻ ነው። የጭስ ማውጫ ፍሬን አቅሙ ከዙሩ ጋር ስለሚያድግ በአራተኛ ስትወርድ ግማሹን ሥራ ለሸራው ትተህለታል። የዲፈረንሻሉ ጥርስና የጎማው መጠን ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የዙር ቆጣሪውን አምነህ ሂድ፣ ቀዩን መስመር ግን አትንካ። ፍሪሲዮን ከረገጥክ ወይም ዜሮ ማርሽ ካደረግህ ሞተሩ አይዝህም።

ፍጥነቱ 40 ሲደርስ ቆፍጠን አድርገህ ርገጥ፣ በ3 ሰከንድ ያህል ወደ 32 አውርደው፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። እንደገና 40 እስኪደርስ አትንካው። በመዝገቡ ላይ ይህ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይወጣል፤ የ8 ኪሎ ሜትር ቅናሽ በ3 ሰከንድ፣ ማለትም በየሰከንዱ 0.74 ሜትር በሰከንድ መቀነስ። ጥርሱ ጠፍቶ ረጅም ዝርግ መስመር ካየህና የድምፅ ቅጂው «ያዝኩ» ብሎ ካልለቀቀ ፔዳሉን ስትጎትተው ቆይተሃል። ጥርሶቹ እየተቀራረቡ ከመጡ ማርሹ ከፍ ብሏል፤ ግን ቁልቁለቱ መሐል ሆነህ በግድ ልቀንስ አትበል። ፍጥነቱ ካልወረደ ሁለተኛ እምቢ ብሎ ዜሮ ላይ ይጥልሃል። መጀመሪያ በፍሬን አውርድ፣ ከዚያ ቀንስ።

የብዙዎቹ ኤንፒአሮች ፍሬን አጋዥ በቫኪዩም (አየር ተስቦ በወጣለት ባዶ ክፍል) የሚሠራ ነው፣ ቫኪዩሙ ደግሞ የሚረዳህ በውጭው አየር ግፊት ልክ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ርግጫ ደሴ ላይ ከአፋር ሜዳ ያነሰ ይይዛል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ቫኪዩሙ ስለማይተካ በአጋዥ የቀረህ ጥቂት ርግጫ ነው።

ታች ደርሰህ ስትቆም አንድ ተጨማሪ ቁጥር ያዝ። በርቀት የሚለካ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ካገኘህ በቆምክ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አራቱንም ታምቡሮች ከውጭ ፊታቸው፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ለካ። በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኙ በ40 ዲግሪ ከተለያዩ ስህተቱ ያንተ አነዳድ አይደለም፤ አንዱ ሸራ ተጠግቷል ወይም አንዱ ሲሊንደር ተጣብቋል። ሁሉም እኩል ከጋሉ ግን ወደ ፍጥነት መስመሩ ተመለስ። በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ አታፍስስ፣ ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬኑም በብዙ ኤንፒአር ላይ ጎማውን ሳይሆን ከማርሽ ሳጥኑ ኋላ ያለውን ዘንግ የሚይዝ ነው፤ ለቆመ መኪና እንጂ ለሚንከባለል አይደለም።

ጉዞዎችን ስታወዳድር ጭነቱ ተቀራራቢ ይሁን፤ ከሚዛን ያገኘኸውን ቁጥር ከፋይሉ ስም ጋር ጻፈው። የደሴ ጉም የወረደበትን ወይም ዝናብ የነበረበትን ቀን ለብቻው አስቀምጥ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ በዚያው ሁኔታም ሦስት ጊዜ ውረድ፤ አንድ ጉዞ ብቻውን በመንገዱ ሁኔታ ይዛባል። ሦስቱም ላይ የመግቢያ ፍጥነቱ ከ40 በታች ሆኖ፣ ረጅሙ ርግጫም ከ5 ሰከንድ ሳያልፍ ፔዳሉ አሁንም ከሰመጠ፣ መዝገቡን ዝጋና መኪናውን ጋራዥ አስገባ፤ ታምቡሮቹ ይከፈቱ፣ የውስጥ ስፋታቸው ታምቡሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ጋር ይለካ።